አሥር ኩንታል ሲሚንቶ

ጋሽ ቡልቻ ካዛንቺስ ውስጥ ባሌስትራ፣ የመኪና ጭነት የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ሲሠሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አንድ የማይለወጥ ደንብ አላቸው፤ የሚጫነውን ሳይጠይቁ መኪና አይነኩም። ጭነቱን ለኔ ተዉት የሚል ሹፌር ከመጣ ክሪካቸውን አንስተው ወደ ሌላ መኪና ይሄዳሉ።

ፍሬአብም አሮጌ ፒክአፑን ሲያቆምላቸው ጠየቁት።

"ምን ልትጭንበት ነው?"

ፍሬአብ ዞር ብሎ አየ። እናቱ አስቻለች ጋቢና ተቀምጣለች፣ መስኮቱም ክፍት ነው። ከሆስፒታል መውጣታቸው ነበር። ሐኪሙ ልጁን ለብቻው ጠርቶ ካንሰሩ አከርካሪዋ ውስጥ መግባቱን፣ ከእንግዲህ ከማስታገሻ በቀር የሚሰጣት ነገር አለመኖሩን ነግሮታል። እሱ ደግሞ ለእናቱ "የነርቭ ነው፣ ያልፋል" ብሏታል። የኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚያውቀውን በሽታ የማያውቀው በሽተኛው ብቻ ነው። ይህንንም ደግነት ብለን እንጠራዋለን።

አስቻለች የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታላቅ እህቷን ጀማነሽን ማየት። ጀማነሽ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ከገጠር አትወጣም። ወደ እሷ የሚያደርሰው ፒስታ መንገድ ደግሞ የተቦረቦረ ነው፣ በዚያ ላይ ወንዝ ያቋርጣል። አምና ፒክአፑ ሆዱ ድንጋይ ነክቶ ከመንገድ ተመልሷል። ሰኔ ከገባ ወንዙ ይሞላል፣ እስከ መስከረምም አያሳልፍም። መስከረምን ታያለች ያለ ሐኪም የለም።

"እ... ሲሚንቶ" አለ ፍሬአብ፣ ታማሚ የሚለውን ቃል እናቱ እንዳትሰማ ፈርቶ። "ማለቴ፣ ገጠር ቤት ልንሠራ ነው። ወንዝ ስላለ በደንብ ከፍ ይበልልኝ።"

"ስንት ኩንታል?"

"አሥር።"

ጋሽ ቡልቻ ደስ አላቸው። ሰፈሩ እየፈረሰ ነው፤ የእሳቸውም ጋራዥ ቅዳሜ ይነሳል። የመጨረሻ መኪናቸው ስለሆነ ሁለት ቀን ሙሉ ለፉበት። ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ወፋፍራም ብረት ደረቡ፣ የፊቱን ሞላ በጠንካራ ቀየሩ። ፒክአፑ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ኮራ ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍሬአብ እናቱን አቅፎ ጋቢና አወጣት። በጣም ቀልላዋለች። ለእህቷ የገዛችውን ነጠላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

የመጀመሪያው ጉብታ ላይ መኪናው ዘለለ። አሥር ኩንታል የሚጠብቅ ባሌስትራ ለአንዲት ከሲታ ሴት አይለምጥም። ኦሎምፒያ ሲደርሱ "ደህና ነሽ እማዬ?" አላት።

"ደህና ነኝ" አለች፣ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጇ ይዛ። እሷም ያው እንደ ልጇ ናት።

ጎተራ ላይ፣ ገና አስፋልቱ ሳያልቅ፣ መኪናው አንድ ጉድጓድ መታ። አስቻለች ጮኸች። እግሯን በእጇ ዳሰሰች።

"ፍሬ፣ መልሰኝ" አለችው። "እግሬን አላውቀውም።"

ፍሬአብ መልሶ ጋራዡ ደጅ አቆመ። የእናትና ልጁ ቤት ከጋራዡ ጀርባ ነው፤ መኪና አይገባበትም። ጋሽ ቡልቻ የመጨረሻ ዕቃቸውን እያስጫኑ ነበር። ሊያግዟቸው ሮጠው ሲመጡ ጋቢና ያለችውን ታማሚ አዩ፣ ነገሩም ገባቸው።

"ሲሚንቶ አላልከኝም?"

"እሷን ነበር።"

"ሰው ነው ብትለኝ እኮ ከፍ አድርጌ አለሰልሰው ነበር! ታማሚ ነው ብትለኝ! ምን ነካህ ልጄ?"

ፍሬአብ የጋቢናውን በር ከፈተ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናቱ ከእህቷ ጎን ትቀመጥ ነበር፤ ይህን ዕድሜ ልኩን ያውቀዋል።

"ሆስፒታል ልውሰድሽ" አላት።

"ሆስፒታሉማ ያለውን ብሎሃል" አለች አስቻለች። "ሲሚንቶ ስትል ሰምቼሃለሁ። እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ስልኩ ጠራ። ጀማነሽ ናት። አስቻለች የልጇን እጅ ጨበጥ አደረገች።

"መኪናው ተበላሸ በላት። የኔን እንዳትነግራት፣ ደንግጣ ትሞትብኛለች።"

"እትዬ፣ መኪናው ተበላሽቶብን ነው" አለ ፍሬአብ።

"ምኑ?"

"ባሌስትራው።"

"ኤዲያ! እሷ ደህና ትሁንልኝ እንጂ ብረት ይሠራል" አለች ጀማነሽ እየሳቀች። "እንግዲያው ዶሮዋን አላሳርዳትም። ለሳምንት ላቆያት?"

ፍሬአብ እናቱን አየ። አስቻለች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"አዎ እትዬ" አለ። "ለሳምንት ያቆዩልን።"