በራሷ ቢላዋ

“ይህች ሴትዮ ሰው አትመስልም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ቅድስት ናት” አለ ኤልናታን፤ ክፍሉ ሳቀ።

ውዳሴ ወረቀቷን እንደያዘች ከሰሌዳው ፊት ቆማለች። አንብባ የጨረሰችው ታሪክ የእናቷ የወለተጻድቅ ነው። ወለተጻድቅ ከጎረቤቷ ከአልፊያ ጋር በጎርፍ መውረጃ ቦይ ምክንያት ተጣልታ ዓመት ያህል ሳትነጋገር ከቆየች በኋላ፣ የአልፊያ ባል ሲሞት “ቂሟን ከልቧ አውጥታ” ለቅሶ ቤት ገባች። ታሪኩም ይቅር መባባል ለአገር እንደሚበጅ በሚመክር አንቀጽ ይዘጋል።

የጽሑፍ መምህሩ ኃይለመስቀል ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

“እናትሽ የሄደችው በእርግጥ እንዲህ ሆና ነው?”

“አይደለም፣ ቲቸር። እንደተቆጣች ነው የሄደችው።”

“ታዲያ ቁጣዋን የት አደረግሽው?”

“ለወላጆች ቀን እኮ ነው የሚነበበው። እሷም ትመጣለች። በሰው ፊት ላሳፍራት?”

“ላልተቆጣ ሰው ለቅሶ መድረስ ምኑ ይከብዳል? እናትሽ የቻለችውን ነገር ደብቀሽባታል። እስኪ ሂጂና እሷኑ ጠይቂያት።”

ዓለም ባንክ ሰፈር ከታክሲ ወርዳ ቤት ስትደርስ፣ እናቷ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ውዳሴ እንደቆመች አነበበችላት። ወለተጻድቅ ምስሯን እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማች።

“ማን ናት ይህቺ?”

“አንቺ ነሽ፣ እማ።”

“እኔን እንዲህ ለስልሼ መቼ ዐይተሽኝ ታውቂያለሽ?” ትሪውን ወደ ጎን አደረገች። “ንድድ እንዳልኩ ነው የገባሁት። ሦስቱንም ቀን ሽንኩርት ስልጥ አንዲት ቃል አልተነፈስኳትም። ቢላዋ እንኳ እንዳልጠይቃት የራሴን ከቤት ይዤ ሄድኩ።”

“ይህን አላውቅም ነበር።”

“ሳትጠይቂ ከየት ታውቂያለሽ?”

“ብጽፈውስ? ሰው ሁሉ ይሰማዋል።”

“ይስማ። በእግሬ ነው የገባሁት፤ ማንም ጎትቶ አልወሰደኝም።”

ውዳሴ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። በክፍል ባነበበችው ታሪክ ውስጥ ያለችው ሴት ከዚህችኛዋ አጠገብ ስትቀርብ፣ ውሃ እንደበዛበት ወጥ ሆና ታየቻት። ከደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ለስላሳ ቃላቱን እየሰረዘች ቢላዋውን፣ ሽንኩርቱን፣ ያንን ረጅም ዝምታ በየቦታው አስገባች። “እናቴ” ብላ በጻፈች ቁጥር ደረቷ በኩራት ይሞላ ነበር።

“እትዬ አልፊያስ? እሳቸውም ታሪኩ ውስጥ አሉ እኮ።”

“ጥሪያት እንጂ። ከፊት ትቀመጥ።”

“አንቺ ብትጠሪያቸው አይሻልም?”

“እኔማ ዛሬም አላነጋግራትም” አለች ወለተጻድቅ፣ ትሪዋን ወደ ጭኗ እየመለሰች። “ቦዩ መች ተስተካከለ?”

ውዳሴ ሳቋን ዋጠች። የምክሩን አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችና በቦታው እናቷ አሁን የተናገረችውን ጻፈች። ከሥሩ ምንም ሳትጨምር ብዕሯን ዘግታ፣ የአልፊያን በር ልታንኳኳ ተነሣች።