የድንኳኑ ስፌት

ድንኳኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የልጄ አባት አብሮን በነበረ ጊዜ፣ በዓመት አንዴ ከከተማ ወጥተን ሜዳ ላይ ካላደርን ብሎ ድርቅ ሲል፣ ከምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት የተራረፈ ሸራ ለምኜ ለሦስት ሰው እንዲበቃ አድርጌ ሰፋሁት። ሜዳ ላይ ማደር ግን ነፍሴ አትወድም። እባቡ፣ ጎርፉ፣ ሌባው፣ ብርድ የማይችለው የልጄ ጉሮሮ፣ የማላስበው የለም። አባትና ልጅ ለጥ ብለው ሲተኙ እኔ የውጪውን ኮሽታ ሳዳምጥ ይነጋል።

እሱ ትቶን ከሄደ በኋላ ልጅቷ እንዳይከፋት ብዬ ብቻዬን እወስዳት ጀመር። ጣቴን እየቀጠቀጥኩ ካስማ መምታት ለመድኩ። እኔ ያልወደድኩትን እሷ እንድትወደው አደረግኩ። ዓመቱን ሙሉ እኔ ከስፌት መኪናዬ፣ እሷ ከስልኳ አንላቀቅም፤ እናትና ልጅ ሆነን የምናወራው እዚያ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ትምህርት እንደተዘጋ ልብሷን ስታጣጥፍ አየኋትና ደስ አለኝ።

"ቅዳሜ እንሂድ ወይስ እሁድ?" አልኳት።

"እማ፣ ዘንድሮ አባዬ ነው የሚወስደኝ" አለች አቀርቅራ። "ከሚስቱ ጋር።"

"ሴትዮዋ ሜዳ ላይ አድራ ታውቃለች?"

"እሷ እንዳንቺ አይደለችም። እንቁራሪት በጮኸ ቁጥር ዱላ አታነሳም።" ሳቀች። እኔም እንዳይከፋት ሳቅሁ። "ደግሞ አባዬ ድንኳኑን ይዘሽ ነይ ብሎኛል። ለሦስት ሰው ይበቃል አይደል?"

"ይበቃል" አልኩ።

ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ ሳሎን ውስጥ ዘረጋሁት። ስፌቱ በየዓመቱ በሻማ ካልታሸ ውሃ ያስገባል። አባትየው ይህን አያውቅም፤ ድንኳን ራሱን የሚችል ይመስለዋል። እንዳለ ጠቅልዬ ብሰጣቸውስ አልኩ በሆዴ። ሲዘንብባቸው፣ ሴትዮዋ ስትነጫነጭ፣ ልጄ ሲነጋ ወደ እኔ ስትመለስ ታየኝ። ቀጥሎ ልጄ በስብሳ ስታስል ታየኝ። ሻማውን አመጣሁ።

መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። "አሳዪኝ እስቲ።"

"ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

"ለሚመጣው ዓመት ነዋ። አንቺ እንዳትቸገሪ ብዬ።"

አስባልኝ ነው ያለችው፤ የባሰ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። እጇን ይዤ ሻማውን ስፌቱ ላይ እንዴት እንደምታሽ፣ ወረቀት ጣል አድርጋ ለብ ያለ ካውያ እንዴት እንደምታሳልፍበት አሳየኋት። አንዱ ማዕዘን ላይ ስትደርስ ቸኮለች።

"እዚህ ጋ ድገሚው። ዝናቡ መጀመሪያ የሚገባው በዚህ ነው።"

"እዚህ ጋ ማን ነው የሚተኛው?"

"እኔ ነበርኩ።"

ዘንድሮ ማን እንደሚተኛበት አልጠየቅኋትም። ሻማውን አንስታ ደገመችው፣ ያውም ረጋ ብላ።