የወፏ ጭንቅላት

የልጅቷን ጃኬት ገልብጣ ስታራግፍ ከኪሱ የተቋጠረ ካልሲ ዱብ አለና እግሯ ሥር አረፈ። እናትየው መጀመሪያ የደረቀ ዳቦ መሰላት። በድንኳን እያደሩ ብሔራዊ ፓርኮችንና የጥንት ቅርሶችን ሊጎበኙ ከቤት ከወጡ ወዲህ መኪናቸው ውስጥ ያልሻገተና ያልገማ ነገር የለም። ወንበሩ ላይ የሰርዲን ዘይት ፈስሷል፣ እርጥብ ፎጣ ሳይሰጣ ተጠቅልሎ ከኋላ ተወርውሯል፣ ባሏ ደግሞ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ መንዳት ለምዷል። አፍንጫዋን ይዛ መጓዝ ከጀመረች ሰንብታለች። ካልሲውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ፈታችው።

የድንጋይ ወፍ ጭንቅላት ነበር። ምንቃሩም ዓይኑም እንዳለ ነው፤ አንገቱ ላይ የተቆረጠበት ግን ገና ነጭ ነው።

ወፏን ታውቃታለች። ትናንት እዚሁ ፓርክ ውስጥ ባለው ፍርስራሽ ግድግዳ ላይ በረድፍ ከተቀረጹት ወፎች አንዷ ናት። ልጅቷ ፊት ለፊታቸው ቆማ ለእያንዳንዳቸው ስም ስታወጣ ነበር። ያኔ ባልየው፣ “እናንተ ወደ ፏፏቴው ቅደሙ፣ እኔ ፎቶ አንሥቼ እደርሳለሁ” ብሎ ወደኋላ ቀረ። እሷም አምናው ልጇን ይዛ ሄደች።

ሥራዋ ልብስ ንጽሕና ቤት ነው። ኪሱ ሳይፈተሽ ማሽን ውስጥ የሚገባ ልብስ የለም፤ የጆሮ ጌጥም ይሁን የመድኃኒት ፍሬ፣ ያገኘችውን በፖስታ አሽጋ ከልብሱ ጋር ለባለቤቱ ትመልሳለች። ቤትም ስትገባ ልማዱ አይለቃትም። ባሏ “ፖሊስ ነው ያገባሁት” እያለ ይቀልድባታል። ዛሬ ግን ቀልዱን የረሳው እሱ ራሱ ነው።

ባልየው እያፏጨ የድንኳኑን ካስማ ይነቅላል። አጠገቡ ሄዳ መዳፏን ዘረጋች።

“ይሄ ምንድን ነው?”

አየት አደረገውና ዓይኑን ወዲያው ወደ ጎረቤት ድንኳን ወረወረ። “ቀስ በይ እንጂ። ማስታወሻ ነው።”

“የማን ማስታወሻ?”

“የእኛ ነዋ። የሳሎኑን ግድግዳ ታውቂው የለ? ከየሄድንበት አንዳንድ እያልኩ እለጥፍበታለሁ። ምን የመሰለ ግድግዳ እንደሚሆን ታያለሽ።”

“ከየሄድንበት?”

ምላሱን አዳልጦት ነበር። እሷ መልሱን አልጠበቀችም። የመኪናውን ኋላ ከፍታ የትርፍ ጎማውን ክዳን አነሣች። በቆሸሸ ካናቴራው የተጠቀለሉ ድንጋዮች ነበሩ፤ ከመጀመሪያው ፓርክ ሐውልት የተላጠ ስባሪ፣ ከጎበኙት ዋሻ ግድግዳ የተፈነቀለ ቀይ ሥዕል። ሥዕሉ የሰው መዳፍ ነበር፣ ግማሹ። ያን መዳፍ ልጇ ልትለካበት እጇን ስትዘረጋ “አይነካም!” ብሎ የተቆጣት ይኸው ሰውዬ ነው።

ሰውየው ወለል ንጣፍ ሠራተኛ ነው። የተሰነጠቀች ሴራሚክ ጎረቤቷን ሳይነካ በመሮ ፈልቅቆ ሲያወጣ አይታ ስንቴ “እጅህ ይባረክ” ብላዋለች። አሁን ያንን እጅ ማየት አስጠላት።

“እነዚህን እዚህ ደብቀህ፣ ወፏን ለምን ልጅቷ ኪስ ከተትካት?”

“እዚህኛው በር ላይ መኪና ይፈትሻሉ አሉ። ሕፃን አይፈትሹም።” ሲሚንቶ ከአሸዋ ጋር እንዴት እንደሚቦካ የሚያስረዳ ነበር የሚመስለው።

“ታውቃለች?”

“ምስጢራችን ነው አልኳት። አራዳ ናት፣ ወዲያው ነው የገባት። የእኔ ልጅ አይደለች?”

ንዴት ቢሆን ታውቀዋለች፤ ከዚህ ሰውዬ ጋር ተናድዳም ታርቃም ኖራለች። ይሄ ግን ሌላ ነው። የሰው ሱሪ ኪስ ስትፈትሽ ጣቷ የታኘከ ማስቲካ ላይ ሲያርፍ የሚሰማት ዓይነት ነው። ተጸየፈችው።

“እንመልሰው” አለች።

“በምን ልትለጥፊው? አንዴ ተቆርጧል።” ካልሲውን ከነወፏ ከእጇ ወሰደ። “ስሚ፣ በዚህ ሰው ይታሰራል። ልጅቷ አባቷ ሲታሰር ታይልሽ?”

ይህን ሲላት የተዘረጋ መዳፏን ሰበሰበች። እሱም ዓይኑን በጨው ታጥቦ ልጅቷን ከመኪናው ጠራት፣ ጃኬቱን አለበሳት፣ ካልሲውን ኪሷ ከትቶ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልጅቷ ላብ እያጠመቃት ዚፑን አልነካችም፤ እናትየውም አልከፈተችላትም። ራሷንም ተጸየፈች።

መውጫው በር ላይ ሽማግሌ ጥበቃ አስቆሟቸው።

“ከፓርኩ የያዛችሁት ነገር አለ? ድንጋይ፣ ላባ፣ ተክል?”

“ከአቧራው በቀር ምንም የለም ጋሼ” አለ ባልየው እየሳቀ። “እሱንም ብትወስዱልን ደስ ይለናል።”

ሽማግሌውም ሳቁ። የመኪናውን ኋላ ከፍተው ድንኳኑን ገለጥ ሲያደርጉ የፎጣው ግማት ተቀበላቸውና ፊታቸውን አዙረው ዘጉት። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ።

“አንቺስ የኔ ልጅ፣ ወፎቹን አየሻቸው?”

“አየኋቸው” አለች ልጅቷ። ቀጥላም ማንም ሳይጠይቃት፣ “ሁሉም አሉ” አለች።

ብላም ፈገግ አለች። የአባቷ ፈገግታ ነበር፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚነሣው፣ ደንበኛ ሲያታልል የሚያወጣው። ባልየው በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሳት። እናትየው ሁለቱንም አየች።

“በሉ መልካም መንገድ” ብለው ሽማግሌው አግዳሚውን ብረት አነሡ። ባልየው ማርሽ አስገባ።

“አቁም” አለች።

“ምን ሆነሻል?”

“አቁም ብያለሁ።”

ወደ ኋላ ወንበር ዞረች። “ሚጣዬ፣ ነይ ወደ እኔ።” የጃኬቱን ዚፕ ከአንገቷ ጀምራ ከፈተችው። የልጅቷ ደረት በላብ ርሷል።

“እማዬ፣ ምስጢር ነው እኮ” አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

“አውቃለሁ የኔ እናት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።”

“አንቺ ሴትዮ!” አለ ባልየው ጥርሱን ነክሶ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ጃኬቱን ከልጅቷ ላይ አውልቃ ካልሲውን ከኪሱ አወጣች፣ መስኮቷን እስከ ታች ከፈተች።

“ጋሼ” አለች ካልሲውን ወደ ሽማግሌው እየዘረጋች፣ “ይቀበሉኝ። የትርፍ ጎማውንም ክዳን ያንሡት።”