ይመጣል

...አጠፋው እኮ፣ በገዛ እጁ፣ ሳይሞቅ፣ መኪናውን ከጋራዡ ወደ ደጅ አወጣና ቁልፉን ቀጭ፣ ምን ነካው ይሄን ሰውዬ፣ ይሄ ፒስተን የሌለው ሮታሪ ሞተር በቀዝቃዛው ከጠፋ ካንዴላው በቤንዚን ይርሳል፣ ከዚያ ብትለማመጠው አይነሳም፣ ይሄን ነገር ሚስቱን ስንት ዓመት ጨቅጭቋታል፣ አንዴ ጋራዡን ልጥረግ ብላ ፈቀቅ አድርጋ ብታጠፋው ሳምንት አኩርፏታል፣ አሁን በመስኮት እያየችው ነው፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይነሳም። ገዢው መንገድ ላይ ነው።

እጁ አውቆ ይሆን?

ኧረ አያድርግበት፣ አባቱ ነገ ከሆስፒታል ይወጣሉ፣ ደረጃ የሚባል ነገር አይሞክሩም፣ ምድር ላይ ያለው ክፍል ይሄ ጋራዥ ብቻ ነው፣ ለመኪናው ሌላ ማደሪያ የለም፣ አልጋው እንኳ ተገዝቶ ቆሟል። መኪናህስ ሲሉት፣ አባባ ደግሞ፣ አዲሱ ሊመጣ ነው እኮ፣ ይሄ አሮጌ ምን ያደርግልኛል አላቸው፣ ሸክም ሆንኩብህ ልጄ ብለው አንጀቱን ከሚበሉት ውሸት አይሻልም?

ስልኩ ይንጫጫል። ፋብሪካው ባለሮታሪ ስፖርት መኪና ለዕይታ አቀረበ ከተባለ ወዲህ የሮታሪ አፍቃሪዎቹ ቡድን እንቅልፍ የለውም፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሞተሩ ባትሪ ሊሞላ ብቻ ከሆነ እሱ ጄኔሬተር ነው፣ ስፖርት መኪና አትበሉኝ፣ ታክሲ ነጂው፣ ዘይት እየጠጣ ጭስ የሚተፋ ሞተር በዚህ ዘመን ማን ይፈቅድለታል፣ ለዕይታማ ማን አቃተው፣ ሰውዬው ግን ሁሌም አንድ መልስ ነው ያለው፣ ይመጣል፣ ስሙንም ይመጣል ብለው አወጡለት። ሆዱስ? ሆዱን ማን ጠይቆት ያውቃል።

ገዢው የሙዚቃ መምህር ነው፣ ከቡድኑ ነው፣ ፒካፕ ተውሶ መጣ፣ ነገሩን ሲሰማ አልሳቀም፣ ችግር የለም ጋሼ፣ ጎትተን እናስነሳዋለን፣ ገመድ አለኝ። ሰውዬው መሪውን ይይዛል፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቃል፣ መኪናው ይንገጫገጫል፣ ያስላል፣ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ያ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ መቀመጫው ሥር የሚርመሰመስ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ነው የሚሰጠው ይሄን፣ እንባው መጣ፣ ይምጣ፣ ማን ያየዋል።

ፒካፑ ይቆማል። መምህሩ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ ይላል፣ ጋሼ፣ የእውነትዎን ይንገሩኝ፣ አዲሱ ይመጣል? የሚመጣ ከሆነ ብጠብቅ ይሻለኛል፣ አይቀየሙኝም።

ወይ ፈተና። አንዲት ቃል ናት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲላት የኖራት፣ አሁን ቢላት መምህሩ ፒካፑን ይዞ ይሄዳል፣ መኪናው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ውሸትም አይባል፣ ማን ያውቃል፣ ግን አልጋው፣ አባባ፣ ከደረጃው ሥር ቆመው ቀና ብለው ሲያዩ።

አይመጣም፣ ይላል። እኔም አላምንበትም። ይሄንኑ ያዝ።

ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርድና በሩን ይይዝለታል።