የቅጣው ኮሶ

ቅጣው በጣሳ ኮሶ በጥብጦ ሲመጣ ወይዘሮ አማከለች ከሩቅ አወቁት። ሆዱን የታመመ ሰው ካለ እሱ ሳይጠራ ይደርሳል፤ ለቁርጠትም ኮሶ፣ ለቁርጥማትም ኮሶ። በሽተኛ ቢያጣ ግድግዳውን ከማጠጣት አይመለስም።

የልጅ ልጃቸው ትሕትና አራት ወር ሙሉ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲጥላት ሲያነሣት ከርሞ፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የወሰዷት እሳቸው ናቸው። ሐኪሟ ያለችውንም በደብተር ጽፈውታል። አንጀት ውስጥ ዓይን የማያያቸው ፍጥረቶች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ምግብ የሚያብላሉ ጎረቤቶች እንጂ ጠላት አይደሉም። በሽታ የሚከላከሉት የትሕትና ገላ ጠባቂዎች ግን እነዚያን እንደ ወራሪ ቆጥረው ዘመቱባቸው፤ በዘመቻው የቆሰለው የገዛ አንጀቷ ነው። ምን እንዳስነሣቸው ሐኪሟም አጥርታ አታውቅም። ያዘዘችላት ክኒን ግን ያበርዳቸዋል።

ወይዘሮ አማከለች ነገሩ ወዲያው የገባቸው በቅጣው ምክንያት ነው። ይህ ሰው ጓሳ የሚባለው የጋራ ሣር ጠባቂ ሳለ፣ ግጦሹ በተዘጋበት ክረምት፣ ጉም ውስጥ የበግ ድምፅ ሰምቶ ሌባ መጣ ብሎ ተነሣ። በጎቹ የገዛ መንደሩ በጎች ነበሩ፤ በዳር በዳር መንገዳቸውን ነው የሚያልፉት። በዱላ ሲያባርራቸው ዐሥራ አንዱ ገደል ገቡ። ሣሩንም የደፈጠጠው የእሱ ሩጫ ነው። እስከ ዛሬ ግን ጓሳን አዳንኩ እያለ ያወራል።

ቅጣው ተቀመጠና ትል ነው ብሎ ፈረደ። ክኒኑን ትታ ይህን ትጠጣ፣ ሆዷ ይጠረግ አለ። ትሕትና ክኒን ሰልችቷታል፤ ፈተናዋም ደርሷል። እጇን ወደ ጣሳው ዘረጋች።

ወይዘሮ አማከለች ቀድመዋት ጣሳውን ነጠቁ።

«ቅጣው፣ ያኔ የጎረቤት በግ ፈጀህ፤ ዛሬ ደግሞ የዚህችን አንጀት ልትጠርግ መጣህ። እስቲ መጀመሪያ አንተ ጠጣው።»

«እትዬ፣ እኔ ምን ሆኜ?»

«እሷስ ምን እንደሆነች መቼ ዐወቅህላትና ነው?»

ኮሶውን አጥር ሥር ደፉት። ቅጣው ነገ ታስጠሩኛላችሁ እያለ ባዶ ጣሳውን ይዞ ወጣ፤ ትሕትና ከስንት ጊዜ በኋላ ሣቀች፣ ክኒኗንም ዋጠች።

ወይዘሮ አማከለች ግን አልሣቁም። ጠባቂ በክኒን ሲበርድ እውነተኛ ሌባ፣ ሌላ በሽታ፣ ሊገባ ይችላል፤ ትኩሳት ካዩ ሳያድሩ ያምጧት ብላቸዋለች ሐኪሟ። በእጃቸው ጀርባ የትሕትናን ግንባር ዳሰሱ። ቀዝቃዛ ነው። ጥቂት ቆይተው ደግመው ዳሰሱት።