ላዳዋ ሳትቀዘቅዝ

ደግሞ ባሌ ሹራቡን ቀይሮ ነው የሄደው፣ እጁን ዘይት ውስጥ ሊነክር የሚሄድ ሰው አዲሱን ግራጫ ሹራብ ምን ያስለብሰዋል፣ ያውም እኔ የሠራሁለትን፣ እኔ ካምሻት ዓይኔን ሳጠፋበት የከረምኩትን ሹራብ ለብሶ ጎረቤታችን ሊዲያ ጋራዥ ውስጥ ይጎለታል፣ ጉድ እኮ ነው። ከመንገዱ ማዶ። የኛን ጋራዥ በር ከፈት ካደረግሁት የሷ መስኮት ፊት ለፊቴ ነው፣ መብራቷ በርቷል፣ ገና ከቀትር በኋላ ነው፣ ግን ኅዳር ስለሆነ ሰማዩ ከአሁኑ ጠቁሯል፣ መስኮቱ ላይ ጥላ ያልፋል፣ የማን ጥላ ይሁን አይለይም፣ ቢለይስ ምን ሊጠቅመኝ።

እኔ ደግሞ እዚህ። ላዳዬ ኮፈን ሥር አንገቴን ሰክቼ። ሬዲዮው ዛሬ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ይገባል ብሏል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ውሃ ነው፣ ተራ ውሃ፣ በሙቀቱ ጊዜ ሲያፈስ ባሌ ቶሌገን ለጊዜው ብሎ የሞላው፣ ብርዱ ሳይመጣ በማይቀዘቅዘው ፈሳሽ እቀይረዋለሁ አታስቢ ብሎኝ። አላሰብኩም። ቅዳሜ አለኝ፣ ቅዳሜ ሊዲያ ጋ ሄደ፣ ማክሰኞ አለኝ፣ ማክሰኞም ሊዲያ ጋ ሄደ፣ ዛሬም የሟች ባሏ ቮልጋ መኪና አልነሳም ብላለች አለና ወጣ፣ የኔይቱስ፣ የኔይቱ እንደ በግ ሱፍ አብቅላ ነው ብርዱን የምትችለው? ውሃ ሲቀዘቅዝ ያብጣል፣ ያበጠ ውሃ ሞተሩን እንደ ብርጭቆ ይሰነጥቀዋል፣ ሞተሩ ከተሰነጠቀ ላዳ የለችም፣ ላዳ ከሌለች እኔ የከብት ሐኪሟ በዚህ ሜዳ በየትኛው እግሬ ነው ከእርሻ እርሻ የምዞረው፣ ላም ምጥ ይዟት ሲደወልልኝ በረዶው ላይ ልዋኝ?

ቀዝቃዛ ነሽ አንቺም። ቆርቆሮሽ እጄ ላይ ይጣበቃል። ጓንት ካጠለቅሁ ብሎኑ አይያዝልኝም፣ ካወለቅሁ ጣቴ አይታዘዘኝም።

የበሮቹን ጎሚኒ ግሊሰሪን ቀብቻለሁ፣ አለዚያ ጠዋት በሩ ከፍሬሙ ጋር ይጋገራል። ባለ ምስማሩን የበረዶ ጎማ ራሴ በክሪክ አንስቼ ቀይሬያለሁ፣ ወገቤን ይዤ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቼ ጠርጌያለሁ፣ ባትሪዋን ከማእድ ቤት ምድጃ አጠገብ ተሸክሜ አምጥቼ መልሻለሁ፣ ልጅ የታቀፍኩ እስኪመስለኝ፣ እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ከማዶ ምን ይሰማል፣ ሳቅ። የሷ ሳቅ። ቀጭን አይደለም፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው ያላት፣ ቮልጋ አስቆ አያውቅም፣ ቮልጋ የሚያስቅ መኪና አይደለም።

ጠዋት እማማ ቢቢጉል አጥሬ ላይ ተደግፈው፣ ካምሻትዬ፣ ባልሽ ሥራ ቀየረ እንዴ አሉኝ፣ የምን ሥራ እማማ አልኩ፣ የመበለት መኪና ሐኪም ሆነ ሲሉ ሰማሁ፣ ደግ ሰው ነው እማማ ምን ያድርግ፣ እሱስ ደግ ነው፣ ግን ደግነቱ መንገድ ሲሻገር ብቻ ነው የሚነሳበት? ከት ብለው ሳቁ፣ ጥርስ የለም፣ ምላስ ግን አለ። እኔም ሳቅሁ። ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ፊቴ የነደደው።

ደግሞ ሊዳ ይላታል። ትናንት ራት ላይ፣ የፈረስ ቋሊማውን እየቆረጥኩለት፣ ሊዳ እንዳለችው ዘንድሮ ብርዱ ይጠናል። ሊዳ! ዕድሜ ልኳን ሊዲያ ነበረች፣ ባሏ ቪክቶር በሕይወት ሳለ እሜቴ ሊዲያ ነበረች፣ ከመቼ ወዲህ ነው ስሟ እንዲህ ያጠረው። ሻይ ቀዳሁለት፣ ሙሉ አታድርጊው አለኝ፣ ግማሽ ብቻ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ጠጣ፣ ይሄም አዲስ ነው፣ የሷ ቤት ወግ ይሆናል፣ እንደ ሊዲያ ያሉት ጀርመኖች እንደዚያ ነው የሚጠጡት? ለብርዱ ወራት ፈረስ ስናርድም ቢላውን ለአጎቱ ልጅ አቀበለ፣ በመንደሩ የሱን ያህል ቢላ የሚያውቅ ሳይኖር፣ ምነው ስለው ደከመኝ አለ፣ ሊዲያ ጋ ለመሄድ ግን አይደክመውም። ሌሊት ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል፣ እጁን ትራሱ ሥር ቀብሮ። ድሮ እጁ እኔ ላይ ነበር የሚያድረው። ከባድ እጅ፣ እንቅልፌን የሚያቋርጠኝ፣ አንሳልኝ እያልኩ የምገፋው።

ተይ ካምሻት። ውሃውን አፍስሺ።

የራዲያተሩን ታች ቡሽ በእጄ ፈታሁት፣ ወረደ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ ባልዲው ውስጥ። ግን ሞተሩ ውስጥ የቀረው ይብሳል፣ እሱ የሚወጣው ጎኑ ላይ ባለችው ብሎን ነው፣ እምቢ አለች፣ በካቻቢቴ መታኋት፣ ዘይት አጠጣኋት፣ ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ እምቢ። ትልቁ ቺያቬ ነው የሚፈታት። ትልቁ ቺያቬ የታለ፣ በመሣሪያ ቦርሳው። ቦርሳውስ? ከማዶ። ከሊዳ ጋ።

እንግዲህ ምክንያት ተገኘ። ማንም ምን ሊለኝ አይችልም፣ ቺያቬ ልወስድ ነው የመጣሁት፣ የራሴን ቺያቬ።

መንገዱን እሻገራለሁ፣ በረዶው ከጫማዬ ሥር ይንቋቋል፣ ቀስ በይ፣ ለምን ቀስ እላለሁ፣ ሌባ ነኝ? ግን ቀስ እላለሁ። የምለውን እያዘጋጀሁ፣ ደኅና ዋላችሁ፣ አልረበሽኳችሁም፣ ጨዋታው ደርቷል፣ አዎ እንደዚያ፣ ፈገግ ብዬ፣ ፈገግታው ሳይደፋብኝ። የጋራዧ በር ገርበብ ብሏል።

ቮልጋው ኮፈን ሥር የገባችው እሷ ናት።

ሊዲያ። የቪክቶርን ቱታ ለብሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እጇ እስከ ክርኑ ጥቁር። ባሌ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል፣ ሹራቡ ንጹሕ፣ ምንም አልነካም፣ የእጅ ባትሪውን በሁለት እጁ ይዞ ያበራላታል፣ ብርሃኑ ግን አይቆምም፣ ግድግዳው ላይ ይርገፈገፋል፣ እንደ ሻማ፣ ነፋስ በሌለበት ቤት። ብርድ ነው፣ አልኩ በልቤ። ብርድ አይደለም። ትንሽ ወደ ግራ ቶሌገን፣ ትላለች፣ አይዞህ፣ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አስደግፈው፣ ቪክቶርም መጀመሪያ እንደዚያ ያደርግ ነበር።

ቪክቶር። እጁ እየተንቀጠቀጠ ማንኪያው ሳህኑን ሲመታ የነበረው ቪክቶር፣ መጨረሻ ላይ ሊዲያ እያጎረሰችው፣ ሸሚዙን እሷ እየቆለፈችለት፣ ሰው ፊት እጁን ኪሱ የሚከተው ቪክቶር።

ለካምሻት ዛሬ ንገራት፣ ትላለች። እሱም፣ እሷ ከሩቅ አይታ ነው የትኛው ፈረስ እንዳነከሰ የምታውቀው፣ እንደዚያ ዓይን ታየኝና ታዝንልኛለች፣ አልችለውም ሊዳ። እኔስ አላዝንልህም? አንቺማ አዝነሽ ጨርሰሻል።

ትስቃለች። ያ ወፍራም ሳቅ። እሱም ይስቃል።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር፣ እኔ ምን ሆኜ ነው፣ ደረቴ ላይ የሚነደው ያው ነው፣ የቅድሙ፣ እንዲያውም ባሰበት፣ ሲያቅፋት አግኝቼ ቢሆን ምራቄን ትፍት አድርጌባቸው እመለስ ነበር፣ ይሄኛው ግን የት ይተፋል? ለሷ ነገራት። ቀድሞ ለሷ። እኔ አንሶላ ሥር አጠገቡ ተኝቼ ትራስ ሥር ያለውን እጅ አላየሁ፣ እሷ ከማዶ ሆና አየችው። የፈረስ ሰኮና የማነብ ሴት።

በሩን ገፋሁት። ቺያቬ ፈልጌ ነው፣ አልኩ፣ ትልቁን። ያዘጋጀሁት አንዱም አልወጣም። ቶሌገን ብድግ አለ፣ ባትሪው ወደቀ፣ እጁ ቶሎ ኪሱ ገባ። ሊዲያ እኔን አየች፣ በሩን አየች፣ ሰማሽ አይደል በሚል ዓይን፣ ቺያቬውን በጨርቅ ጠርጋ ሰጠችኝ፣ ሂድ አለችው፣ ሂድ ከሚስትህ ጋር፣ የኔይቱ ነገ ትደርሳለች። አመሰግናለሁ አልኳት። እንዴት እንዳልኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

መንገዱ ላይ እሱ፣ ኮክሸታው ከተማ ሐኪም ጋ ሄጄ ታይቻለሁ፣ አለ። መቼ? ቅጠል ሲረግፍ። በምን ሄድክ? በሊዳ መኪና? አዎ። እኔ መኪና የለኝም? አለሽ። ታዲያ? ካምሻት፣ አንቺ ብትወስጂኝ እውነት ይሆንብኝ ነበር።

ጋራዣችን ገባን። ና ቁም እዚህ፣ አልኩት፣ በአፍህ አሳየኝ፣ እጁ የኔ ነው። ግራ ገባው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ በቀጥታ አትጫኚው፣ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው መልሺው፣ አሁን ወዲህ፣ በትከሻሽ። ብሎኗ ሲጥጥ አለች፣ ተፈታች፣ ቀሪው ውሃ እጅጌዬ ላይ ተንዠቀዠቀ፣ ቀዝቃዛ፣ እግዚኦ። ሁለቱንም መልሼ አጠበቅኋቸው፣ ሰማያዊውን ፈሳሽ ሞላሁ፣ ቀስ፣ አየር እንዳይዝ፣ አለኝ፣ ሞተሩን በአሮጌ የሱፍ ምንጣፍ አለበስኩት፣ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ሰካሁ፣ እንደዚያ አይደለም፣ ከታች ክፍተት ተይለት ትታፈናለች፣ አለኝ፣ ደስ አለው ልበል? ድምፁ የድሮው ድምፅ ሆነ፣ ጨቅጫቃው፣ ምንም የማያምርለት።

ግባና አስነሳት፣ አልኩት። አንቺ አስነሺ፣ አለ። ግባ። ገባ። ቁልፉ ቀዳዳውን ሳተ፣ ቆርቆሮው ላይ ተንቀጫቀጨ፣ ደግሞ ሳተ፣ ወደ ሌላ ቦታ ማየት ፈለግሁ፣ አላየሁም፣ እሱን አየሁ፣ እንደ ፈረስ አይደለም፣ እንደ ባል፣ ልዩነቱ ካለ። ገባለት። ሞተሪኖው አቃሰተ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ላዳዬ አስነጠሰች፣ ያዘች፣ ጋራዡ ጢስ ሞላ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። እስክትሞቅ። የማዶው መብራት ጠፍቷል፣ ሄዳ እጇን እየታጠበች ይሆናል፣ ነገ ሄጄ ልጠይቃት ይገባኛል፣ ስለ ሸሚዝ ቁልፍ፣ ስለ ማንኪያ፣ ሌሊት ሌሊት ስለሚሆነው፣ የምታውቀው እሷ ናት፣ ነገ ግን አልሄድም፣ ከነገ ወዲያ።

ተቆጣሽ? አለኝ። አዎ። በሽታውን ደብቄ? አይደለም። ታዲያ በምን? በሊዳ። ዞሮ አየኝ፣ በሊዳ? በሊዳ፣ ቀንቼ ልሞት ነው፣ አልኩት፣ አሁንም፣ እዚህ ተቀምጬ።

ሳቀ። መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፣ ትከሻው፣ ክንዱ፣ ሁለመናው እስኪርገፈገፍ፣ እጁን ያዝኩት፣ ሳቁ የቱ ጋ እንደሚያበቃ፣ በሽታው የቱ ጋ እንደሚጀምር አልለየሁም፣ እሱ የቀለድኩ መስሎታል፣ እኔ አልቀለድኩም፣ አልለቀቅኩትምም።