የተለቀቀው ወረፋ

ረታ በስዋሂሊ አገር፣ ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር ባለው ምግብ ቤቱ ደንበኛ ሲያጫውት ለጉድ ነው። ከሚስቱ ፊት ሲቆም ግን ሰሞኑን ምላሱ ይታሰራል፤ ዓይኑንም የሚያሳርፍበት ያጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ እህተማርያም ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አስተርጓሚው ረታ ነበር። የእሷ ስዋሂሊ የሽንኩርት ዋጋ ለመከራከር ነው እንጂ ለሐኪም እንግሊዝኛ አይሆንም። ሐኪሙ «ካንሰር ነው፤ ቶሎ መውጣት አለበት» ሲል ረታ ፈገግ አለና፣ «ቀላል እብጠት ነው ይላል፤ ቀስ ብሎ ይወጣል» አላት። በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርማ! እሱም እንደ ወጉ አደረገ።

ከዚያ ብቻውን መራወጥ ሆነ። ዌስትላንድስ ሰፈር ያለው የግል መድን ቢሮ፣ «አዲስ ደንበኛ ስለሆናችሁ ለካንሰር አንድ ዓመት ትጠብቃላችሁ» አለው። በኪስ ገንዘብ የግል ሆስፒታል ላስገባት ቢል ምግብ ቤቱ መሸጥ አለበት። ምግብ ቤቱን ልሽጥ ቢል ደግሞ ሚስቱ «ለምን?» ማለቷ አይቀርም። የቀረው የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ነው፤ አራት ወር። ወረፋ ጥያቄ አያስነሳም። ረታ ፍርሃቱን ብልሃት ብሎ ጠራውና ስሟን አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ድስት ስታነሳ ፊቷ ትንሽ ከተኮማተረ ሮጦ ይቀበላታል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ሆስፒታሉ ደውሎ ነበር» አለችው።

«ምን አሉሽ?»

«ለማክሰኞ ቦታ ተገኝቷል፣ ነይ አሉኝ። ማክሰኞ ደግሞ የሩንዳ ሰፈር ደንበኞቻችን ትእዛዝ አለብን። የኔ ቀላል እብጠት ነው፣ ለባሰባት ስጡልኝ አልኳቸው። ሲስተሯ እንዴት እንደመረቀችኝ! ስሜ ከወረፋው መጨረሻ ይጀምራል አለች፤ ይጀምር።»

ረታ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ዘጭ አለ።

«ምነው? ስኳርህ ነው?»

«እህተማርያም... ቀላል አይደለም።»

«ምኑ?»

«እብጠቱ። ካንሰር ነው።»

መጀመሪያ ምድጃውን አጠፋች። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ዶክተሩ መቼ ነገረህ?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ? እየሳቅህ እኮ ነው የነገርከኝ!»

«እንዳትደነግጪ ብዬ...»

«የደነገጥከውስ አንተ ነህ። እኔ መቼ ዕድሉን አገኘሁ!»

ስልኳን አነሳች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች። ቦታው ለሌላ ሴት ተሰጥቷል። «ፖሌ ማማ» አለቻት ሲስተሯ ከልቧ አዝና፤ «ቢሆንም ማክሰኞ በማለዳ ነይና ተቀመጪ። የሚቀር ሰው ካለ እናያለን።»

እህተማርያም ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች። «ማክሰኞ ካልተሳካ ረቡዕ ለዚህ ቤት ገዢ እንፈልጋለን።»

«ምግብ ቤቱን?»

«ድስቴን ታቅፌ ልሙትልህ?»

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ሄደው የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በር በተከፈተ ቁጥር ረታ ይነሳል፤ እሷ በኮቱ ጎትታ ታስቀምጠዋለች። ረፋዱ ላይ፣ ከተጠሩት አንዷ ሳትመጣ ቀረችና የእህተማርያም ስም ተጠራ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቷ በፊት ግን ሐኪሙ ሊያናግራት ፈለገ።

ረታ እንደ ልማዱ ቀድሞ ወደ በሩ ተራመደ።

«አንተ ወዴት ነህ?» አለችው።

«ላስተረጉምልሽ ነዋ።»

«ያስተረጎምክልኝ ይበቃኛል። በስዋሂሊም ይሁን በጣቱ፣ ለራሴ ይንገረኝ። አንተ እዚህ ቁጭ በል።»

በሩ ተዘጋ። ረታ ጆሮውን አስጠግቶ ቆመ። የሐኪሙ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አያልቅም። የእሷ ድምፅ የለም። አንዴ ብቻ፣ «ኤ?» ስትል ሰማ፤ ከዚያ ደግሞ ጸጥ። በአጠገቡ የምታልፈውን ሲስተር ሁሉ ዓይን ዓይኗን ያያል።

ይሄኔ ነበር የሚያስተረጉምለት ሰው ያማረው።